ወንዙ በኦዌላ በኩል ሲያልፍ

በ2081 ዓ.ም. የባሮ ወንዝን ጥልቀት የምትለካው አቻላ ኡመድ ነበረች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ልጅ አልወለደችም። ለኪ ሆና ስትሠራ አሥራ አንደኛ ዓመቷን ይዛለች፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የተሳሳተ ቁጥር ተናገረች ያላት ሰው የለም።

የምትለካው በቀርከሃ ዘንግ ነበር። ይህን የሰማ እንግዳ ሁልጊዜ ይስቃል። ከሰማይ ሆኖ የዓሣ ክንፍ የሚቆጥር መሣሪያ ባለበት ዘመን ዘንግ ምን ያደርጋል? ምክንያቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ወንዙን ሁለት ኃያላን አገሮች ተካፍለውታል። የአካባቢው ሰው በያዙት ዳርቻ ይጠራቸዋል፤ ሰሜን ዳርና ደቡብ ዳር። ከደጋው የሚወርደው ማዕድንና እህል፣ ከታች የሚመጣው ማሽንና ነዳጅ ሁሉ በዚህ ወንዝ ያልፋል። በውላቸው መሠረት በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ጥልቁ ውኃ የሚሄድበት መስመር ይለካል። መስመሩ ወደ ሰሜን ዳር ከቀረበ ዓመቱን ሙሉ የሰሜን ዳር መርከቦች ቀድመው ያልፋሉ፤ ወደ ደቡብ ዳር ከቀረበ ደግሞ የደቡቦቹ። ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱም በየራሳቸው መሣሪያ ለክተው ነበር። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ የአንዱ መሣሪያ አራት ሜትር ሲል የሌላው ሁለት ሜትር አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም የሚያምኑት ነገር ጠፋ። በመጨረሻ የተስማሙት ከሁለቱም ወገን ባልሆነ ሰው እጅ ባለ ዘንግ ላይ ብቻ ነው።

ሰውዋን ግን ያመኗት አይምሰላችሁ። አቻላ የምትኖረው ከተወለደችበት ከኦዌላ መንደር የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ወንዙ መጠምዘዝ በሚጀምርበት ቦታ ላይ በተሠራላት የቆርቆሮ ቤት ነው። ወደ መንደሩ መግባት የሚፈቀድላት እሑድ እሑድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። በበሯ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ጥቁር ሣጥኖች ተሰቅለዋል፤ አንዱ የሰሜን ዳር፣ አንዱ የደቡብ ዳር። ሰዉ "ጆሮዎቹ" ይላቸዋል። ስታስል ይሰማሉ። መጀመሪያ ሰሞን በእንቅልፍ ልቧ ተናግራ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ሰው መጥቶ "ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?" ብሎ ይጠይቃት ነበር። በኋላ ለመደችው፤ ዝም ብላ መተኛትን ተማረች።

ጥቅምት ሲገባ ሁለት ተመልካቾች ይመጣሉ። የሰሜን ዳር ተቀጣሪ ይርዳው ይባላል፤ ከደጋ የመጣ፣ ትሑት፣ ጫማውን በየሰዓቱ የሚጠርግ ሰው ነው። የደቡብ ዳሩ ጋትሉዋክ ነው፤ የጂካዎ ልጅ፣ ረጅም፣ ሲናገር ወንዙን እንጂ ሰው አያይም። ሁለቱም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሯ ላይ ይደርሳሉ። አንዱ ከቀደመ ሌላው እስኪመጣ ሃያ ሜትር ርቆ ይቆማል። ከዚያ ሁለቱም በየራሳቸው ሜትር ዘንጉን ይለካሉ። የምትጠጣው ውኃ ታሽጎ ይመጣል። ምሳዋን ከመብላቷ በፊት አንዳንድ ጉርሻ ይቀምሳሉ። ከማንም ጋር እጅ አትጨባበጥም። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት ያልፋል።

በዚያ ዓመት በመጀመሪያው ቀን ታንኳዋን አምና ጥልቁ ውኃ ወደነበረበት መታጠፊያ ወሰደች። ወንዙ ኦዌላን በትልቅ ቀለበት ይዞራታል፤ መንደሩ በቀለበቱ አንገት፣ ሁለቱ ጫፎቹ በሚቀራረቡበት ጠባብ መሬት ላይ ነው ያለው። አምና እዚያ አራት ሜትር ከሃያ ነበር። ዘንጉን ሰደደችው። ካምናው ግማሽ እንኳ ሳይገባ ቆመ። አውጥታ አየችው፤ ደግማ ሰደደችው።

"አንድ ሜትር ከዘጠና" አለች።

ይርዳው ጻፈ። ጋትሉዋክም ጻፈ። ሁለቱም እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም እሷን አዩ።

በሁለተኛው ቀን ወረድ ብላ ለካች፤ አንድ ሜትር ከሰባ። በሦስተኛው ቀን ውኃው ጭራሽ የቆመ ይመስላል፤ በላዩ ላይ የተጣለ ቅጠል ካለበት አይንቀሳቀስም። ክረምቱ ደግሞ መጥፎ አልነበረም፤ ከላይ የመጣው ጎርፍ ካለፉት አምስት ዓመታት የበለጠ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ውኃ የት ገባ?

ጋትሉዋክ ለሽንት ወደ ቁጥቋጦው ሲሄድ ይርዳው ጠጋ አላት።

"ወይዘሮ አቻላ፣ እኔ ምንም አላልኩም" አለ በሹክሹክታ። "ግን ደቡቦቹ ባለፈው ግንቦት አንድ ደለል ጠራጊ መርከብ ለጥገና ነው ብለው አሳልፈዋል። ጥገናው አርባ ቀን ፈጀ። አርባ ቀን ምን ሲጠግኑ ነበር? እርስዎ ያስቡበት።"

በማግስቱ ደግሞ ይርዳው ጫማውን ሊያጥብ ወደ ዳር ሲወጣ ጋትሉዋክ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሳ ተናገረ።

"እህቴ፣ ሰሜኖቹ ከላይ በኩል ቆፍረዋል። ውኃውን ወደ ራሳቸው ለመሳብ ነው። ይሄ ሰውዬ ያውቃል። ለዚህ ነው ጫማውን ደጋግሞ የሚያጥበው።"

አቻላ ወደ ይርዳው አየች። እውነትም የጸዳውን ጫማ ደግሞ ያጥባል። የጋትሉዋክ እግር ደግሞ ታንኳው ውስጥ ማረፍ አልቻለም። ሁለቱም የሚያውቁትን የደበቁ መሰሏት። ቀጥሎ ደግሞ ሁለቱም ምንም የማያውቁ፣ ነገር ግን አለቆቻቸው የሆነ ነገር እንዲያውቁ የሚጠብቁባቸው ሰዎች መሰሏት። ያን ቀን ምሳዋን ስታኝክ የምግቡ ጣዕም የተለወጠ መሰላት፤ ግማሹን ተወችው።

እሑድ ወደ ኦዌላ ሄደች። ተመልካቾቹ ከኋላዋ ይከተላሉ። መንደሩ ዝም ብሏል። ሰላምታ ሲሰጧት ሰዎቹ ቶሎ ቶሎ ያልፋሉ፤ ይህ በጥቅምት የተለመደ ነው፤ ለኪዋን ማነጋገር ጣጣ ያመጣል። ነገር ግን በሽማግሌው በኡጉላ ጎተራ ሥር አራት መቆፈሪያ ተደግፎ አየች። የአራቱም ብረት ተበልቶ አልቆ የማንኪያ ያህል ቀርቷል። ጥቂት አለፍ ብላ በሌላ ቤት ደጃፍ ሦስት አየች፤ እነዚያም እንደዚያው። አንድ መቆፈሪያ በእርሻ ሥራ እንዲያ ለማለቅ አሥር ዓመት ይፈጅበታል፤ እነዚህ ግን አምና አዲስ ነበሩ። የእሷን ማሳ የሚያርስላት ታናሽ ወንድሟ ኦባንግ ነው፤ በእሱም ደጅ ሁለት ነበሩ።

ባለፈው በጋ የኦዌላ ሰዎች በማሽላው መሬት መሐል ቦይ ሲጠርጉ አይታ ነበር። እያንዳንዱ ቤት በየማሳው ላይ። "ለመስኖ ነው" አሏት። እሷም አመነች። ከሰማይ የሚመለከቱትም አምነዋል፤ አሁን ደግሞ ማሽላው ረዝሞ ቦዩን ከመንገዱ ጋርዶታል።

ቤተ ክርስቲያን ገብታ ተቀመጠች። ይርዳውና ጋትሉዋክ በሩ ላይ ቆሙ። ከበሮው ተመትቶ ሰዉ ሲነሳ ኦባንግ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። ትከሻው ሰፍቷል፤ መዳፉ እንደ ቅርፊት ሆኗል። መዝሙሩ ሲጀመር እሷም አፏን ከፈተች፤ በመዝሙሩ ድምፅ ውስጥ ቃል ጣል ጣል አደረገች።

"አንገቱን ቆረጣችሁት።"

ኦባንግ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ እየዘመረ "አዎ" አለ።

"ለምን?"

"ውሉን አንብቢው። ዘጠነኛው አንቀጽ። ወንዙ በነዋሪው መሬት ላይ ካለፈ መንገዱ የነዋሪው ነው ይላል። እኛ ነን ያልነው እንዴ? እነሱ ናቸው የጻፉት። መቼም አይሆንም ብለው፣ እንዲያምር ብለው ጻፉት።"

ሴቶቹ እልል ሲሉ ጠበቀች። ቀጥላ፣

"ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?" አለች።

"ነግሬሽ ቢሆን ወይ ትዋሺልን ነበር ወይ ትነግሪያቸው ነበር። ሁለቱም አይጠቅመንም። አንቺ አታውቂም ነበር፤ ስለዚህ የምትለኪው እውነት ነው። በዓለም ላይ ሁለቱም የሚያምኑት ያንቺን ቃል ብቻ ነው።"

አቻላ ከዚያ በኋላ አልዘመረችም። አሥራ አንድ ዓመት ሰሜኖቹ ሲጠረጥሯት፣ ደቡቦቹ ሲጠረጥሯት ኖራለች። ያኛውን ቆዳዋ ለምዶታል። አሁን ግን የገዛ ወንድሟ እሷን እንደ ዕቃ ቆጥሮ፣ ሐቀኝነቷን ለክቶ፣ በእሱ ላይ ቦይ ሠርቶበታል። ከበሮው ሲቆም ወደ ኦባንግ ዞራ ሳታይ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ተመልካቾች ዘንጉን ለክተው ታንኳው ላይ ወጡ። ከመታጠፊያው በላይ ሁለት አቅጣጫ አለ። አንዱ አምና የለካችው የድሮው ቀለበት ነው። ሌላው በሸምበቆ የተሸፈነ፣ ከመንደሩ በኩል የሚመጣ ሰርጥ። ቀለበቱን ይዛ ብትሄድ ማንም "ለምን?" አይላትም፤ የዓመቱ ቁጥር ትንሽ ይሆናል፤ ሁለቱ ኃያላን እርስ በርስ ይካሰሳሉ፤ ሌላ ዓመት ይመጣል። የለኪ ደንብ ግን አንድ ነው። ጥልቁን ውኃ ወደሄደበት ተከተል።

ታንኳውን ወደ ሸምበቆው አዞረች።

"ወዴት ነው?" አለ ይርዳው።

"ውኃው ወደሄደበት።"

ዘንጉን ሰደደች። ሦስት ሜትር። ትንሽ ቀዘፈችና ደግማ ሰደደች። አራት ሜትር ከሠላሳ። ሸምበቆው ሲከፈት ውኃው ቡናማ ሆኖ፣ በኃይል፣ በማሽላው መሐል ሲሄድ ታየ። ግራና ቀኝ የማሽላ ራሶች ከውኃው በላይ ብቅ ብለው ይወዛወዛሉ። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሲያልፉ ሰዎች ወጥተው በዳርቻው ቆመው ነበር፤ ማንም አልጮኸም። አቻላ ዘንጉ እጇ ላይ ሲሰምጥ፣ ቁጥሩን የምትናገርበት ድምፅ የራሷ ያልሆነ መሰላት።

"አምስት ሜትር ከአሥር" አለች።

ጋትሉዋክ እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ይርዳው ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለት ጊዜ ሰረዘ።

"ይሄ የማን ወገን ነው?" አለ ጋትሉዋክ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን እያያት።

"የማንም አይደለም" አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ኃያላን የተሰበሰቡት በውሉ ቢሮ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሻይ ላይ እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ያን ቀን በሁለት ሰዓት ውስጥ ተስማሙ። አቻላ ስትጠራ አንድ ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። የሰሜን ዳሩ ባለሥልጣን ግራ፣ የደቡብ ዳሩ ቀኝ ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ዘንጉ ስለተንሸራተተ ልኬቱ ስህተት ነው ይላል። ከታች የይርዳው ፊርማ አለ። የጋትሉዋክም አለ።

"እርስዎ ብቻ ቀርተዋል" አለ የሰሜን ዳሩ። በአስተርጓሚ ነበር የሚናገረው፤ ቃሉ ለስላሳ ነው። "ከፈረሙ ልኬቱ ስህተት ነው፤ ልኬቱ ስህተት ከሆነ የተቆፈረ ነገር የለም፤ የተቆፈረ ነገር ከሌለ የቆፈረ ሰው የለም። ወንድምዎን ማንም አይጠይቀውም።"

"ካልፈረምኩስ?"

የደቡብ ዳሩ መለሰ። "የቆፈረውን መፈለግ አለብን።"

አቻላ ወረቀቱን አየችው። ሁለት ፊርማዎች፣ የሁለት ሰዎች ደመወዝ፣ የሁለት ሰዎች ልጆች። አልፈረደችባቸውም። ኦባንግንም አሰበችው፤ ገና ተናዳበታለች። ቢያዝ ለንዴቷ መድኃኒት እንደማይሆን ግን አወቀች። ቢሆንም ያ ዘንግ ሲሰምጥ እጇ ላይ ተሰምቷታል። አልተንሸራተተም።

"ዘንጉ አልተንሸራተተም" አለች። "አምስት ሜትር ከአሥር ነው። ነገም ብትጠይቁኝ እንደዚያው ነው።"

ሥራዋን በዚያው ቀን አጣች። የቆርቆሮ ቤቱን ቁልፍ አስረክባ፣ ልብሷን በጨርቅ ቋጥራ፣ በእግሯ ወደ ኦዌላ ሄደች። ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሏ መቃብር ባለበት በገዛ ቤቷ ተኛች።

በማግስቱ ሁለቱ ኃያላን አንድ ውሳኔ አወጡ፤ የኦዌላ ሰርጥ ይደፈን። ሁለት መርከብ ድንጋይና ብረት ጭኖ መጣ፤ አንዱ ከሰሜን ዳር፣ አንዱ ከደቡብ ዳር። በሰርጡ አፍ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። የኦዌላ ሰዎች ዕቃቸውን አሰሩ። ኦባንግ የሚያዝበትን ቀን ጠበቀ። ፖሊሶች መጡ፤ ግን ሰርጡ የማንም ወገን ስላልሆነ ሰሜኖቹ ሊይዙት ሲሉ ደቡቦቹ "በምን ሥልጣን?" አሉ፤ ደቡቦቹ ሊይዙት ሲሉ ሰሜኖቹ ተቃወሙ። የአገሩ መንግሥት ሰው ሲጠየቅ "ውሉን ተመልከቱ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሁለቱም ወገን ፖሊሶቹን ይዞ ተመለሰ።

መርከቦቹ ግን አልተመለሱም፤ ወደ ሰርጡም አልገቡም። የመጀመሪያው ቀን አለፈ፤ ሁለተኛውም። ጋትሉዋክ በሦስተኛው ቀን ሥራውን ትቶ ወደ መንደሩ መጣና በኡጉላ ደጅ ተቀምጦ ምክንያቱን ነገራቸው።

"ቀድሞ የሚገባው ማነው እየተባባሉ ነው" አለ። "ሰሜኖቹ ደቡቦቹ ከገቡ አይወጡም ይላሉ። የኛዎቹም ስለ ሰሜኖቹ እንደዚያው። አብረን እንግባ ሲባል ደግሞ እኩል ፍጥነት ያለው መርከብ የለም ይላሉ። ዛሬ ደግሞ ሰሜኖቹ በመርከባቸው የጫኑት ድንጋይ ሳይሆን ካምፕ መሥሪያ ነው ተባለ።"

"እውነት ነው?" አለው ኡጉላ።

"እኔ ምን አውቄ?" አለ ጋትሉዋክ። "እኔ ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲህ እውነት የሚባል ነገር ያየሁት አንዴ ነው፤ እሱንም ክጄ ፈርሜበታለሁ።" ይህን ሲል አቻላ እዚያው ነበረች። አቀርቅሮ ነው የተናገረው።

እነሱ ሲጠባበቁ ወንዙ አልጠበቀም። በሠላሳ መቆፈሪያ የተጀመረውን ቦይ በራሱ ጉልበት ያሰፋው ጀመር። በአምስተኛው ቀን የኦባንግ ማሳ ጠፋ። በሰባተኛው ቀን ዳርቻው በየሰዓቱ እየተገመሰ፣ ትልልቅ የአፈር ገደሎች ውኃው ውስጥ ሲወድቁ እንደ መድፍ ይጮኻሉ። በስምንተኛው ቀን ሰባት ቤት ሄደ። ከሰባቱ አንዱ የአቻላ ነበር። ዕቃዋን አውጥታ፣ የባሏ መቃብር ያለበት ጓሮ ተሰንጥቆ ሲንሸራተት ቆማ አየችው። አላለቀሰችም። ሴቶቹ ሊይዟት ሲመጡ "ተዉኝ፣ ልየው" አለች።

በአሥረኛው ቀን የሰርጡ ስፋት ስድሳ ሜትር ደረሰ። ሁለቱም መርከቦች የጫኑት ድንጋይ ቢደመር አይደፍነውም። አንድ ጠዋት ሰው ሲነሳ መርከቦቹ ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ምንም የለም። ኅዳር አጋማሽ ላይ አንድ የደቡብ ዳር ጭነት ጀልባ ወደ ኦዌላ አፍ መጥቶ ቆመ። ካፒቴኑ በትንሽ ጀልባ ወጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ በጋትሉዋክ አስተርጓሚነት ጠየቀ። ለማለፍ ማንን ነው የምንጠይቀው? ኡጉላ ዙሪያውን አየ። መንገዱ የእነሱ ይሆናል ብለው ቢቆፍሩም ይህን ጥያቄ ማንም አስቦ አያውቅም ነበር።

"ተቀመጥ በለው" አለ ሽማግሌው በመጨረሻ። "ሰዉ ይሰብሰብና እንነጋገርበታለን። ዛሬ ላይሆን ይችላል።"

ካፒቴኑ ተቀመጠ። ከኋላው ሌላ ጀልባ መጣ፤ የሰሜን ዳር ነበር። እሱም ቆመ።

ሰዉ ለመነጋገር በመንደሩ ዛፍ ሥር ሲሰበሰብ አቻላ አልሄደችም። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ባለው ከፍታ ላይ አዲስ ጎጆ እየሠራች ነበር። ከዚያ እሑድ ወዲህ ከኦባንግ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ሳር ተሸክሞ መጥቶ ከአጠገቧ ሲያስቀምጥ ሂድ አላለችውም። ጣራው ላይ ወጥቶ ሳሩን ይደረድር ጀመር።

"ስብሰባው ላይ አይፈልጉህም?" አለች ሳር እያቀበለችው።

"ይፈልጉኛል። ይቆዩ።" አንድ እስር ሳር ደረደረ። "አቻላ፣ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዋሺልን ብዬ ብለምንሽ ኖሮ ትዋሺ ነበር?"

አቻላ ቀና ብላ አየችው። ማሳው የለም፤ ቤቱ ግማሹ የለም፤ ፊቱ ከሳ ብሏል። ውሸት ልትነግረው አልፈለገችም።

"አላውቅም" አለች። "ያን እኔም አላውቅም። አንተ ግን ሳትጠይቀኝ ነው ያወቅህልኝ። እሱን ነው ያልቻልኩት።"

ነፋስ መጥቶ ያልታሰረውን ሳር ሊያነሳው ሲል ኦባንግ በሁለት እጁ ተጫነው። አቻላ ከመሬት ገመዱን አንስታ ወረወረችለት።

"በደንብ ያዝ" አለችው። "ከዚያኛው በኩል እኔ እስባለሁ።"